ሰባት ቁጥር ማን ናት?

ሳምራዊት የተገደለችው አርብ ዕለት፣ የመርካቶ ግማሹ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ፣ ግማሹ ምሳ ላይ በነበረበት ሰዓት ነው። አስከሬኗን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። እኔና ሳጅን ቢላል ስንደርስ ከሸማ ተራ ጀርባ ያለው ባለ አራት ፎቅ የልብስ ስፌት ድርጅት ጭር ብሏል። ስልሳ የስፌት መኪና የሚንጫጫበት ሕንፃ ጭር ሲል ደስ አይልም። ሠራተኞቹ ደረጃውን ይዘው በግራና በቀኝ ቆመዋል፤ ስናልፍ ማንም ቀና ብሎ አላየንም።

ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ «የሠራተኞች ድጋፍ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሳምራዊት ከወንበሯ ወርዳ በጎኗ ተጋድማለች። አንገቷ ላይ የተጠመጠመው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሰማያዊ ጨርቅ ቁራጭ ነው። እንዲህ ያለው ቁራጭ በየፎቁ በጆንያ ስለሞላ ከማን እጅ እንደመጣ አይናገርም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚህ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ወጣት ሴት እንዲህ ተጋድማ ሳይ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ቁም ሳጥኑ ተከፍቷል። ስድስት ማህደሮች ጠረጴዛው ላይ ተዝረክርከዋል፤ አራቱ መደርደሪያቸው ላይ እንደቆሙ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ተገላልጠዋል፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያሉት አልተነኩም። ሰባት ቁጥር የለም።

«ስም የማይጻፍባቸው ለምንድን ነው?» አልኩ።

የመለሰችልኝ የድርጅቱ ባለቤት ምስራ ናት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ከወሎ መጥተው ሸማ ተራ የከተሙ ነጋዴ ልጅ። ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር፤ ንግግሯ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ሠራተኛዬ በአንድ ወር ስድስት ቀን ቀረችብኝ። አባረርኳት። ለካ ባሏ ክንዷን ሰብሮት ነው። ይህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ፣ ኢንስፔክተር። ይህን ክፍል የከፈትኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት እዚህ ትመጣለች። ፈረቃ ይቀየርላታል። ደሞዟ ሳይቆረጥ ፈቃድ ታገኛለች። ሐኪም ቤትም፣ ጠበቃም፣ ፖሊስ ጣቢያም ሳምራዊት አብራት ትሄዳለች። ቤቷ የማያኖራት ከሆነ መሸሸጊያ ይፈለግላታል። የባሏ ፎቶ ዘበኛው ጋ ይቀመጣል፣ በዚህ በር አያልፍም።»

«ቁጥሩስ?»

«ወሬ እንዳይወጣ ነው። ሴትየዋ የራሷን ቁጥር ብቻ ታውቃለች። የሁሉንም ስም የምታውቀው ሳምራዊት ብቻ ነበረች።»

«አንቺስ?»

«እኔም አላውቅም። እንዲያ ነው የተስማማነው።»

እንግዲህ የሰባት ቁጥር ስም ከሳምራዊት ጋር ሞቷል ማለት ነው። ማህደሩን የወሰደው ሰው ግን ማንነቷን ያውቃል። ለምን እንደሄደች፣ ምን እንደተናገረች፣ ምን እንዳሰበች ሁሉ በእጁ ነው። ሴትየዋ አሁን ከእነዚህ ፎቆች በአንዱ ላይ ናት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እዚያ ምናልባት ያው ሰው ይጠብቃታል። ከመውጫ ሰዓት በፊት ላገኛት ይገባል።

መጀመሪያ ወደ በሩ ወረድኩ። ዘበኛው አበራ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ገና ሳልጠይቀው ተስተካክሎ ቆመ።

«ከስድስት እስከ ስምንት ማን ወጣ?»

«ግማሹ ሰው ወጥቷል እንጂ! አርብ አይደለም እንዴ?»

«ማህደር ይዞ የወጣ ሰው አለ?»

«ኢንስፔክተር፣ እዚህ በር ላይ ሳይፈተሽ የሚወጣ የለም። የወንዱን ኪስና ብብት፣ የሴቷን ቦርሳ አያለሁ። ሦስት ሸሚዝ ደርቦ ሊወጣ የነበረ ሰው ይዣለሁ እኮ! ወረቀት ያመልጠኛል?»

ሰውየው አይዋሽም። ውሸታም ሳይ አውቃለሁ፣ ይሄ አልነበረም። ስለዚህ ማህደሩ ወይ ሕንፃው ውስጥ ተደብቋል፣ ወይ ገዳዩ በጓሮው ዝቅተኛ አጥር ዘሎ ገብቶ በዚያው ወጥቷል አልኩ። አበራም ሁለተኛውን ሐሳብ አጠናከረልኝ። በጥበቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አምስት የወንድ ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ በአንዱ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ይሄ ረዲ ነው፣ የዱንያ ባል። እህል በረንዳ ተሸካሚ ነው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ‹ያቺን ቤቴን ያፈረሰች አማካሪ አንቄ እገድላታለሁ› እያለ ሰፈሩን ሲያደበላልቀው ነበር።»

ቢላልን ረዲን ይዞ እንዲመጣ ወደ እህል በረንዳ ላክሁት። ሁለት ኮንስታብሎች ሕንፃውን ከጣሪያ ጀምረው ይፈትሹ ጀመር። እኔ ሳምራዊት የተሳተፈችባቸውን የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች ማገላበጥ ያዝኩ። የድጋፍ ክፍሉ ኮሚቴ አለው፤ ምስራ፣ ሳምራዊትና አንድ አስታራቂ ሽማግሌ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በሳምራዊት እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፦ «አስታራቂው ከኮሚቴው እንዲወጡ። ምክንያቱን በቃል አስረዳለሁ።»

«አስረዳችሽ?» አልኳት ምስራን።

«ረቡዕ ነው ያለችኝ። ዕቃ እያራገፍኩ ነበር። ሰኞ እናወራለን አልኳት።» ከንፈሯን ነከሰች። «መቼም ሁልጊዜ ይከራከሩ ነበር። እሷ ሕግ ትላለች፣ እሳቸው እርቅ። ሽማግሌ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ባሎቹ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አይሰሙም ብዬ ነው።»

አስታራቂው ጋሼ ይድነቃቸው ናቸው፤ የድርጅቱ ዋና የጨርቅ ቆራጭ። ስልሳ ዓመት ቢያልፋቸው ነው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ገቡና ከመቀመጣቸው በፊት ለእኔ ውሃ የሚያመጣ ሰው ጠሩ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንዳልቀመስኩ ያስታወሰኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ከኮሚቴው እንዲወጡ ጠይቃ ነበር። ምን ቢያጠፉ ነው?»

ፈገግ አሉ። «አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ ልጄ። የዛሬ ልጆች ‹ታረቁ› ሲባሉ ይከፋቸዋል። እኔ ግን በዚህ ሰፈር ስንት ትዳር አቁሜያለሁ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ባለቤቴ ፋንታዬ እዚሁ የሸሚዝ ቁልፍ መትከያ ትሠራለች። አብረን ወጥተን ምሳ በላን። ስንመለስ ሰባት ተኩል ሆኗል።»

ጻፍኩ። ሰውየው አባቴን አስታወሱኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አሉኝ። ሴቶቹን አንድ በአንድ ማነጋገር እንደምፈልግ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፖሊስ ሲጠራቸው ይደነግጣሉ። እኔ ልጥራልሽ። ‹ጋሼ ነው የጠራን› ካሉ ይረጋጋሉ።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። በሃያ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ያለ ስህተት ብሠራ ልጅነት ነው እል ነበር። አርባ አንድ ዓመቴ ነው።

አርባ ሦስት ሴቶች አሉ። አስከሬኑ ተነስቷል፤ የተቀመጥኩት በዚያው በድጋፍ ክፍሉ ነው። ጋሼ ይድነቃቸው እያንዳንዷን በስሟ እየጠሩ ያስገባሉ፣ በሩን ቀስ አድርገው ይዘጋሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃሉ። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ ቁጥር አለሽ ወይ? ብዙዎቹ የለኝም አሉ። ያላቸው ደግሞ መጀመሪያ ወለሉን ያያሉ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን በሹክሹክታ ይነግሩኛል። አንድ። ዘጠኝ። ሦስት። ሰባት የምትል ግን አልመጣችም።

ዱንያ ስትገባ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ ቀድሞ ታየኝ።

«ረዲ ነው አይደል የምትሉት?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ዝቶ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ይዝታል። እኔን ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም፤ ሳምራዊት ባትኖር ዛሬ አፈር በልቼ ነበር። ፈረቃዬን ቀየረችልኝ፣ ለምርመራ አብራኝ ሄደች፣ ከእህቴ ጋር የምኖርበትን ቤት እሷ ናት ያገኘችልኝ። ስልኬ እንኳ ሲጮህ የምታነሳልኝ እሷ ነበረች።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔ ግን አራት ቁጥር ነኝ፣ እህቴ። ጠፋ የተባለው ሰባት አይደል?»

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ቢላል ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ረዲ እህል በረንዳ የለም። ሐሙስ ማታ ተደባድቦ ሌላ ጣቢያ ታስሯል። ከእነ ጣት አሻራው ያለው እዚያ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁና ጠረጴዛው ላይ የተዝረከረኩትን ማህደሮች አየሁ። ይህን ቀደም ብዬ ማየት ነበረብኝ። ረዲ ቢሆን ኖሮ አራት ላይ ሲደርስ የራሱን ጉድ አንብቦ ያቆም ነበር። ይህ ሰው ግን አራትን አልፏል። ከአንድ ጀምሮ እያነበበ ሄደ፣ ሰባት ላይ የሚፈልገውን አገኘ፣ ስምንትን አልነካም። ማለት የሴትየዋን ቁጥር አያውቅም፤ ሴትየዋን ግን ያውቃታል። የሌሎች ስድስት ቤቶችን ገመና ገልጦ የራሱን ቤት ያገኘ ሰው ነው። የሞተች ልጅ እግሩ ሥር ተጋድማ፣ ቆሞ እያነበበ።

የመጨረሻዋ እትዬ ፋንታዬ ነበሩ። ጋሼ ይድነቃቸው ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት እንጂ አልዘጉትም። አየሁት፤ ቦታ ግን አልሰጠሁትም።

«እትዬ፣ ከሳምራዊት ጋር ተነጋግረው ያውቃሉ? ቁጥር አለዎት?»

«እኔ? እኔ ምን ቁጥር አለኝ።» ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

«ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«አብረን ወጥተን ምሳ በላን። ስንመለስ ሰባት ተኩል ሆኗል።»

ነጠላቸውን ደጋግመው ክንዳቸው ላይ ይጎትታሉ። ጣታቸው ላይ የቁልፍ መትከያው መርፌ የወጋው ቦታ ነጥብ ነጥብ ብሏል። ለሟቿ ያዘኑ መሰለኝ፤ አዝነውም ነበር። ተነስቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ በጣም ደንግጠዋል። እርስዎም ሲቆሙ ነው የዋሉት። ይውሰዷቸውና ቀድማችሁ ግቡ።»

«ተባረኪ፣ ልጄ» አሉኝ።

ወረቀቴን ቆጠርኩት። አርባ ሦስት ሴቶች ገብተው ወጥተዋል። ከአሥራ አንዱ ቁጥር አሥሩ ባለቤት አግኝተዋል። ፍተሻውም አልቋል፤ ማህደር የለም። ስለዚህ ከአርባ ሦስቱ አንዷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዋሽታኛለች። አንዲት ሴት ሕይወቷ እጄ ላይ ሆኖ ለምን ትዋሸኛለች? ማንን ፈርታ?

መውጫ ሰዓት ደርሶ ወደ በሩ ወረድኩ። ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል። ጋሼ ይድነቃቸውና ባለቤታቸው በሰልፉ ጎን አልፈው መጡ፤ ሰዉ ራሱ መንገድ ለቀቀላቸው። አበራ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ። እኔም ፈቀቅ አልኩላቸው። እትዬ ፋንታዬ ከበሩ ወጥተው አንዴ ዞር ብለው አዩኝ፤ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሼ ክርናቸውን ያዝ አደረጓቸውና የሸማ ተራ ግርግር ዋጣቸው።

ሰልፉ ቀጠለ። አበራ የአንዱን ኪስ ዳበሰ፣ የሌላዋን ቦርሳ ከፈተ። ምስራ ከኋላ መጥታ ቦርሳዋን ራሷ ከፍታ ሰጠችው፤ እሱም እጁን አስገብቶ ፈተሸ።

«አንቺንም?» አልኳት።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ካልጀመረ ማን ያከብረዋል?»

አበራን ዞሬ አየሁት።

«ጋሼ ይድነቃቸውን ለምን አልፈተሽካቸውም?»

«ማንን? ጋሼን?» ሳቀ። ደግሞ የእኔን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠ። «ኢንስፔክተር፣ እሳቸውን እኮ... ትዳሬን ያቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት ብዬ ብብታቸው ውስጥ እጄን አስገባለሁ?»

«ዛሬ ቀን ሲወጡስ?»

«ኧረ ጋሼን ማንም ፈትሿቸው አያውቅም።»

«ሳይፈተሽ የወጣ የለም አላልከኝም?»

«የለም እኮ!» አለ አበራ። ከልቡ ነው። እሳቸውን ከሚፈተሹት ሰዎች ጋር አልቆጠራቸውም፤ እኔም እንዲሁ።

«ባለቤታቸው አብረዋቸው ወጥተው ነበር? ለምሳ?»

«እትዬ ፋንታዬ? እሷ ምሳዋን በሳህን ቋጥራ ነው የምትመጣው። ለምሳ ወጥታ አታውቅም። ዛሬም ጋሼ ብቻቸውን ነው የወጡት።»

ምስራ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሳምራዊት በቃል ልታስረዳት የፈለገችው ምን እንደሆነ ያኔ ገባት። እኔ ግን ለመቀመጥ ጊዜ አልነበረኝም። «ይውሰዷቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ።

ቤታቸው አውቶቡስ ተራ ጀርባ እንደሆነ ምስራ ነገረችኝ። መኪና በዚያ ሰዓት ከመርካቶ አይወጣም፤ በእግሬ ሮጥኩ። በሸክም መካከል፣ በጋሪ መካከል፣ ለበዓል ነጠላ በሚመርጡ ሴቶች መካከል እየተጋፋሁ፣ እየተሰደብኩ። ቢላልን መንገድ ላይ በስልክ ጠራሁት፤ ፒካፑን ዋናው መንገድ ላይ ጥሎት በሌላው አቅጣጫ እየሮጠ ግቢው በር ላይ ተገናኘን። አራት ተከራይ ያለበት ግቢ ነው። መጨረሻ ያለው ቤት በሩ ተዘግቷል።

ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል። አታለቅስም፣ አትጮህም። እያነበበች ነው።

ቢላል በትከሻው በሩን ገነጠለው።

ይድነቃቸው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ፣ እጁ በሚደርስበት፣ ረጅሙ የቆራጭ መቀስ ተዘርግቷል። ፋንታዬ ፊቱ ቆማለች፣ ትምህርቷን እንደምታሰማ ተማሪ። እጇ ላይ ያለው ሰባት ቁጥር ማህደር ነው።

«ደህና መጣሽ፣ ልጄ» አለኝ፤ ያው ለስላሳ ድምፅ። «የቤት ጉዳይ ነው። ስለ እኔ ለባዕድ ያወራችውን ለእኔም እንድታሰማኝ ነው የጠየቅኳት። ሐሙስ ወደዚያች ልጅ ደረጃ ስትወጣ አየኋት። ዛሬ ልጅቷን ‹ምን አለችሽ?› ብዬ በሰላም ጠየቅኩ። ‹አልነግርዎትም› አለችኝ። እኔን! ቁጭ በሉና በሽማግሌ...»

ቢላል መቀሱን አነሳና ካቴናውን አጠለቀለት። እጁን ሲይዘው «ቀስ፣ ልጄ፣ አባትህ እሆናለሁ» ይለው ነበር።

ፋንታዬን ጠጋ አልኳት። የነጠላዋ ጫፍ ሲንሸራተት ክንዷ ላይ አሮጌና አዲስ ሰንበር አየሁ፤ ቅድም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሳለች ያላየሁትን።

«ይበቃል፣ እትዬ። ይስጡኝ።»

«አልጨረስኩም» አለች።

የግቢው ሰው በተገነጠለው በር ተኮልኩሏል። ፋንታዬ ወደ እነሱ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ካቆመችበት ቀጠለች። የተመታችበትን የብረት ምጣድ፣ የተቆለፈባትን ሦስት ቀን፣ የጨነገፈባትን ልጅ፣ ሁሉንም አነበበች። አንዲት ጎረቤት አፏን በእጇ ያዘች። ይድነቃቸው «ዝም በይ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ በፊት በዚያ ግቢ ሲጮህ የሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም። እሷ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ቢላል ገፍቶ አወጣው።

የመጨረሻው ገጽ የሳምራዊት ጽሕፈት ነው። ፋንታዬ እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። ልብስ አትይዝም፣ ባዶ እጇን ትወጣለች። ተስማምታለች። አይዞሽ ብዬአታለሁ።»

ማህደሩን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«መኪናው አሁንም ይመጣል?» አለችኝ።

«ይመጣል» አልኳት። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ለእኔ እንጂ ለእሷ የሚጠቅም አልነበረም።

የእኛ ፒካፕ ባሏን ጭኗል፤ በእሱ አትሄድም። ለምስራ ደወልኩ። «ያንቺን መኪና አምጪ» አልኳት፣ ምንም ሳትጠይቀኝ «መጣሁ» አለች። ጎረቤቶቹ ወንበር አወጡልን፤ ፋንታዬ ግን አልቀመጥም አለች። ቦርሳ አልያዘችም፣ ልብስ አልያዘችም። ባዶ እጇን ግቢው በር ላይ ከእኔ ጋር ቆማ መንገዱን ታይ ነበር።